የቆዩ የአውሮፓ ስፖርት መኪኖች በአዲስ አበባ ዳርቻ

ፊቫ የተባለው ዓለም አቀፍ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን አንድ መኪና «ታሪካዊ» ለመባል ቢያንስ 30 ዓመት ሊሞላው ይገባል ይላል። በዕድሜ ብቻ ከሄድን በየሰፈሩ የምትንከላወሰው ዲኤክስ ኮሮላም ክላሲክ ናት። እዚህ የምናወራው ግን ጠበብ ስላለው ወገን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ አውሮፓ ውስጥ ለፍጥነትና ለደስታ ስለተሠሩ መኪኖች፣ እንዲሁም ስለ ቅርብ ዘመዶቻቸው። በሱሉልታ፣ በሰበታ፣ በለገጣፎ ወይም በገላን በኩል እንዲህ ያለ መኪና ይዞ መኖር ሀብት ብቻ አይበቃውም። ዋናው ጥያቄ ዕቃው ከየት ይገኛል የሚለው ነው። የመኪናው ስም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አገሪቱ የአውሮፓን መኪና ለማየት አልዘገየችም። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ መኪና ይዞ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ገባ። አፄ ምኒልክም ተሳፈሩበት። የጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ ፊያትና ላንቺያ ከባድ መኪኖችን አመጣ፣ የጋራዥ ሙያንም አስፋፋ። ከዚያ በኋላ ሴይቼንቶ (ፊያት 600)፣ ቮልስና ፔዦ 404 ከተማውን ሞሉት። በደርግ ጊዜ ላዳ መጣች። ስፖርት መኪናው በዚህ ሁሉ መሃል ምንጊዜም ጥቂት ነበር። አሁን ያለው ይበልጥ ውድ የሆነበት ምክንያት ግን ሕግ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ያለው ነው። አንዱ ሲሞት አካሉ ለሌላው ይተርፋል።

ቀጥሎ ያለው ጣጣ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፣ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,200 ይደርሳል። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እስከ ከአራት አንድ ያጣል። ፋብሪካው 95 የፈረስ ጉልበት የሰጣት የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ኤምጂቢ እዚህ ወደ 75 ትወርዳለች። ይኼ ለማንም አይቀርም፣ ዋጋም አይቀንስ! ቤንዚንን ከአየር የሚደባልቀው ካርቡሬተር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። የለመደውን ያህል ቤንዚን ይለቃል። ውጤቱ ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላና የሚያስለቅስ የነዳጅ ወጪ ነው። መፍትሔው ቤንዚን የምታሳልፈውን ቀዳዳ ወደ ጠበበ ቁጥር መለወጥ ነው። አንዳንዱ ሰው የአየሩን ብሎን ብቻ አዙሮ ይተዋል። ያ የሚያስተካክለው በሚኒሞ ስትቆም ያለውን ነው፤ ነዳጅ ሲረገጥ ችግሩ እንዳለ ነው።

ከፍታው አንድ ውለታም ይውላል። ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው አየር ትንሽ ስለሆነ ሞተሩ በቀላሉ አያንኳኳም። ስለዚህ ውድ ቤንዚን የሚፈልገው የአውሮፓ ሞተር በተራው ቤንዚን ይሄዳል፣ የእሳቱንም ጊዜ በጥቂቱ ማስቀደም ይቻላል። ውሃው ግን ያው ጣጣ ነው። እዚህ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ጎማው አርጅቶ ግፊት ካልያዘ፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣው ዳገት ላይ ኮፈን ከፍቶ መቆም የማይቀር ነው። በአየር የምትቀዘቅዘው ቮልስ በዚህ በኩል ሰላም ናት። ሆኖም ሞተሯ የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፣ እውነተኛ የዘይት ፊልትሮም የላትም። ፒስታ መንገድ የሚያዘወትር ሰው ዘይቱን ቶሎ ቶሎ ቢቀይር ይሻለዋል።

ወደ ዕቃው እንመለስ። በዚህ ከተማ ብልህ ገዢ የሚፈልገው ከተራ መኪና የተወለደ ስፖርት መኪና ነው። ለዚህ ካርማን ጊያን የሚያክል የለም። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 የተሠራች ናት። ከላይ ስታያት የጣሊያን ውበት ናት፤ ከታች ቮልስ። ሞተሩም፣ ፍሪሲዮኑም፣ ፍሬኑም በአብዛኛው ከቮልስ ይመጣል፤ የቮልስ ሜካኒክ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ አይጠፋም። የመጀመሪያዎቹ ፖርሽ 356ዎችም እ.ኤ.አ. በ1948 ሲጀመሩ የቮልስ አካል ነበራቸው፤ እየቆዩ ግን ተለያይተዋል። ዋጋቸውም አብሮ ተለያይቷል።

ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ሌላዋ ተፈላጊ ናት። የጣሊያኑ የመኪና ንድፍ ቤት ፒኒንፋሪና የነደፋት ስትሆን እ.ኤ.አ. በ1966 ወጣች። ላዳ የተወለደችው ከፊያት 124 ስለሆነ፣ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ብትጠይቅ «የላዳው ይገባል፣ አትጨነቅ» የሚል አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው። የፊት እግር ላይ የሚመሳሰል ብዙ አለ። ሞተሩ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው፤ የስፓይደሯ ሁለት ካም ሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ) ከላይ ያለው ነው፣ ላዳ የራሷ ሞተር አላት። የኋላ ፍሬኑም እንደዚያው፤ ስፓይደሯ ዲስክ፣ ላዳ ታምቡር። አሮጌውን ዕቃ በእጅ ይዞ ሳይለኩ መግዛት ብር መጣል ነው። እንግሊዞቹ መኪኖች ደግሞ የራሳቸው ዓመል አላቸው። የኤምጂቢ ቡሎን በኢንች ነው፤ በሚሊሜትር ኪያቤ የሚታገል ሰው ጭንቅላቱን ይበላዋል።

ጥገናው በሦስት ሰው ይቆማል፤ ሜካኒክ፣ ባትላሜራና ቶርኖ ቤት። ከሦስቱ ለእኔ ትልቁ ቶርኖ ቤት ነው። ገበያ ላይ የሌለውን ቡሽ፣ ፒንና ፑሊ ከብረት ቆርጦ ያወጣል። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። የድሮ ሞተሮች የተሠሩት እርሳስ ላለበት ቤንዚን ነው። እርሳሱ የቫልቩን መቀመጫ ከመበላት ይጠብቀው ነበር። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መግቢያ ላይ ይህን ቤንዚን ሲያቆሙ፣ ለስላሳ ብረት ያለው ቴስታታ (ቫልቮቹ የሚቀመጡበት የሞተሩ ራስ) ቀስ በቀስ መበላት ጀመረ። ጥሩ ቶርኖ ቤት መቀመጫውን ፈልፍሎ ጠንካራ ቀለበት ይከታል፣ ሞተሩም ዕድሜ ያገኛል። ባትላሜራው ላይ ግን ዓይንህን አትንቀል። ዝገቱን ቆርጦ አዲስ ላሜራ ከመበየድ ይልቅ ስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት ይቀለዋል። ማግኔት ይዞ መሄድ ነውር የለውም፤ ስቱኮ ላይ አይጣበቅም።

ሞተር ለመለወጥ ለሚያስብ ደግሞ ሊብሬው አለ። የሻንሲና የሞተር ቁጥር እዚያ ላይ ተጽፏል፤ ካልተዛመደ ለቦሎ ሲሄዱም ሲሸጡም ጣጣ ነው።

ስለ ውድድር ሲወራ ሽማግሌዎቹ የሚያነሱት ከአብዮቱ በፊት የነበረውን የኢትዮጵያ ሃይላንድ ራሊ ነው። ጎረቤት ኬንያ ውስጥ ደግሞ የሳፋሪ ራሊን በ1962 ቮልስ፣ በ1963፣ 66፣ 67 እና 68 ፔዦ 404 አሸንፈዋል (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ሁለቱም የስፖርት መኪና ስም የላቸውም። በአቧራና በጉድጓድ የሚያሸንፈው የማይሰበረው ነው።

ዛሬ በዳርቻው መንገድ መሽቀዳደም ወንጀልም እብደትም ነው። አህያው፣ ባጃጁና ሲኖትራኩ መንገዱን ይጋሩሃል። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው የአዳማ ፈጣን መንገድም የውድድር ሜዳ አይደለም። ለእንዲህ ያለ መኪና የሚስማማው ውድድር በሌላው ዓለም የቆዩ መኪኖች የሚወዳደሩበት የሰዓት ራሊ ነው። አሸናፊው ፈጣኑ ሳይሆን በተወሰነለት ሰዓት በትክክል የደረሰው ነው፤ ቀድሞ መድረስም ያስቀጣል። ከሱሉልታ ወደ ጎሃ ጽዮን ያለው መንገድ ለዚህ የተመቸ ነው። ከዚያ አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ግን ታምቡር ፍሬን ሲግል እንደሚከዳ ይወቅ። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ መውረድ አለበት። አሮጌ ቮልስ ወይም 356 ከያዘ ደግሞ ኩርባ መሃል ድንገት እግሩን ከነዳጅ ላይ አያንሳ። የእነዚህ መኪኖች የኋላ ጎማ ሲቀል ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ጅራታቸውም ቀድሟቸው ይሄዳል። ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ሳይጀምር ነው።