ኩዌሪው ያልጠበቃችሁትን ሲመልስ ዳታቤዙን አትስደቡ

የድሬዳዋን ነጋዴዎች፣ የከፊራ ገበያንም የታይዋን ገበያንም፣ በኤክስኤምኤል (መረጃን እንደ <ዕቃ> ባሉ ስም ባላቸው ክፍሎች፣ ማለትም በኤለመንቶች፣ የሚያስቀምጥ አጻጻፍ) መዝግባችሁ በቤዝኤክስ ወይም በኢግዚስት-ዲቢ ዳታቤዝ ውስጥ በኤክስኳሪ (የኤክስኤምኤል መጠየቂያ ቋንቋ) ትጠይቃላችሁ እንበል። ጥያቄው ኩዌሪ ይባላል። መልሱ ግራ ካጋባችሁ አብዛኛውን ጊዜ ዳታቤዙ ጤነኛ ነው።

«ባዶ ከመለሰ ዳታው አልገባም ማለት ነው።» አይደለም አቦ! ፋይሉን ሰርዛችሁ እንደገና ከመጫናችሁ በፊት የላይኛውን ኤለመንት እዩት። እዚያ ላይ ዲፎልት ኔምስፔስ (xmlns="..." ተብሎ የሚጻፍ፣ ኤለመንቶቹ የየትኛው ስብስብ እንደሆኑ የሚለይ ስም) ካለ ከሥሩ ያሉት ኤለመንቶችም የእሱ ናቸው፣ //ዕቃ (ዕቃ የሚባሉትን ኤለመንቶች ሁሉ አምጣ ማለት ነው) ደግሞ ኔምስፔስ የሌለውን ነው የሚፈልገው። //*:ዕቃ (ኔምስፔሱ ምንም ይሁን ምን) ብላችሁ ሞክሩ። ከመጣ ሌባው ተያዘ፤ ኔምስፔሱን ኩዌሪው አናት ላይ አስታውቁት።

«[1] ካልኩ አንድ ብቻ ይመጣል።» አይደለም፤ ዕቃዎቹ በየሱቃቸው ሥር ከተጻፉ //ዕቃ[1] ከየሱቁ የመጀመሪያውን ነው የሚያመጣው። ከሁሉም አንድ ከፈለጋችሁ (//ዕቃ)[1] በሉ።

«!= ማለት የ = ተቃራኒ ነው።» ሰው የሚያሳብደው ይሄኛው ነው። አንድ ነጋዴ ድሬዳዋም ሐረርም ሱቅ ካለው ሁለት የከተማ ኤለመንት ይኖረዋል። ሐረር የሌሉትን ለማግኘት //ነጋዴ[ከተማ != "ሐረር"] ስትሉ እሱም ዘው ብሎ ይመጣል፣ ምክንያቱም ከከተሞቹ አንዷ እንኳ ሐረር ካልሆነች ለኩዌሪው በቂ ነው። በዚያ ላይ ከተማው ጭራሽ ያልተጻፈለት ነጋዴ ይቀራል፤ የሚነጻጸር ነገር የለውማ። መፍትሔው በ = አነጻጽሮ ሙሉውን በኖት ፈንክሽን መገልበጥ ነው፦ //ነጋዴ[not(ከተማ = "ሐረር")]።

ዋጋ ስትደረድሩ 1500 ከ900 በፊት መጣ? ስኬማ (የትኛው ኤለመንት ቁጥር፣ የትኛው ጽሑፍ እንደሆነ የሚደነግግ ሰነድ) ከሌለ ኤክስኳሪ የሚደረድረው እንደ ጽሑፍ ነው፣ ቁጥር መምሰሉ አይበቃም። በነምበር ፈንክሽን ቀይሩት። ዋጋው ውስጥ ኮማ ወይም «ብር» ካለ ግን ነምበርም አያድናችሁም፣ መጀመሪያ አጽዱት።

የእኛ አገር ጉድ ደግሞ አለ። «ሐረርም ሀረርም ያው ነው» ይባላል። ለአንባቢ አዎ፣ ለማሽኑ ግን ሀ እና ሐ በዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሥርዓት) የተለያየ ቁጥር ያላቸው ሁለት ፊደላት ናቸው፣ ኀ ሲጨመር ሦስት። ስለዚህ አንዱ ጸሐፊ «ሐረር»፣ ሌላው «ሀረር» ብሎ ካስገባ ኩዌሪው ግማሹን ብቻ ይሰጣችኋል፣ ያውም ያለ ምንም ስህተት መልእክት። «ድሬዳዋ» እና «ድሬ ዳዋ»ም እንደዚያው። ፊደልን በፊደል በሚተካው በትራንስሌት ፈንክሽን ሐን ወደ ሀ ማዞር ይቻላል፣ ግን ሑን፣ ሒን፣ ሓን እያላችሁ እያንዳንዱን ለየብቻ መጻፍ አለባችሁ። የከተማውን ስም ጸሐፊው ከዝርዝር እንዲመርጥ ማድረግ በጣም ይቀላል።