እንደራሴ ምንድን ነው? ባሕር ያልነበረው አድሚራል እና ንጉሥ ያልነበረው ዙፋን

«እንደራሴ» የሚለውን ቃል በአንድ ትንፋሽ ስለምንጠራው ውስጡን አናየውም። ከፈል አድርጋችሁ ብታነቡት እንደ ራሴ ነው። ንጉሥ ሲርቅ፣ ሲታመም ወይም ገና ሕፃን ሲሆን በስሙ የሚያዝና በስሙ የሚፈርድ ሰው ይቆምለታል፤ ያ ሰው ለንጉሡ «እንደ ራሴ» ነው። ስለዚህ ቃሉ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንድ የቆመ፣ አንድ ደግሞ የተቆመለት።

በእኛ ታሪክ ሁለቱም አሉ። ዳግማዊ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ ራስ ተሰማ ናደው ለልጅ ኢያሱ ሞግዚትና እንደራሴ ሆነው በ1903 ዓ.ም. እስኪሞቱ ቆዩ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ደግሞ ዘውዲቱ ሲነግሡ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ተባሉ። በፌዴሬሽኑ ዘመን አስመራ ላይ የሚቀመጠው የንጉሠ ነገሥቱ ተወካይም እንደራሴ ነበር። ዛሬ ንጉሥ ስለሌለ ቃሉ ወርዶ ምክር ቤት ገብቷል፤ «የሕዝብ እንደራሴ» እንላለን። እዚህም ቢሆን ሁለት ወገን አለ፤ ተመራጩ ቆሟል፣ የተቆመለት ደግሞ ሕዝቡ ነው።

የተቆመለት ሰው ባይኖርስ? ለዚህ ጥያቄ ከሃንጋሪው እንደራሴ ከአድሚራል ሚክሎሽ ሆርቲ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዘመኑ ስለ ሃንጋሪ የሚነገር ቀልድ አለ። «አገራችሁ ሪፐብሊክ ናት?» «የለም፣ ንጉሣዊ መንግሥት ናት።» «ንጉሣችሁ ማን ነው?» «ንጉሥ የለንም።» «ታዲያ ማን ይገዛችኋል?» «አድሚራል።» «እንግዲያው ትልቅ ባሕር ኃይል አላችሁ ማለት ነው።» «ባሕርም የለን።» ሌላው ዓለም በዚህ ይስቃል። ባሕሩን ያጣ አገር ልጅ ግን ሲስቅ ጥርሱ ብቻ ነው የሚስቀው።

ሆርቲ በ1868 ኬንደሬሽ በምትባል የሃንጋሪ ሜዳማ መንደር፣ ከባለ ርስት ቤተሰብ ተወለደ። ከባሕር እጅግ የራቀ ቦታ ነው። በ14 ዓመቱ ግን ፊዩሜ ወደነበረው የባሕር ኃይል አካዳሚ ገባ፤ ያን ጊዜ ሃንጋሪ ከኦስትሪያ ጋር በአንድ ዘውድ ሥር ስለነበረች በአድሪያቲክ ዳር ወደብ ነበራት። ከ1909 እስከ 1914 ለአረጋዊው ንጉሠ ነገሥት ለፍራንዝ ዮሴፍ አጃቢ መኮንን ሆኖ አገለገለ። ለእኔ ከውጊያዎቹ ሁሉ ይልቅ ሰውየውን የሚገልጡት እነዚህ አምስት ዓመታት ናቸው። በቤተ መንግሥት እልፍኝ በር ላይ የቆመ ሰው ንጉሥ እንዴት እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ማንን ቆሞ ማንን ተቀምጦ እንደሚያናግር ያያል። በኋላ ሆርቲ ነገር ሲከብደው «ፍራንዝ ዮሴፍ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?» እያለ ራሱን ይጠይቅ እንደነበር ይነገራል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኖቫራ የተባለችውን ክሩዘር አዘዘ። ግንቦት 1917 በኦትራንቶ ወሽመጥ በተደረገው ውጊያ ክፉኛ ቆስሎ፣ በቃሬዛ ላይ ተኝቶ ትእዛዝ መስጠቱን ቀጠለ። ስሙ የገነነው በዚያ ነው። በ1918 የካቲት ካታሮ በሚባል ወደብ ላይ መርከበኞች አምፀው አመፁ ከታፈነ በኋላ፣ በማዕረግ የሚበልጡትን አድሚራሎች አልፎ የመላው መርከብ ጓድ አዛዥ እንዲሆን ተሾመ። ሹመቱ ዓመት አልሞላም። ጥቅምት 31 ቀን 1918፣ ግዛቲቱ ስትፈርስ፣ ፍራንዝ ዮሴፍን በተካው በንጉሠ ነገሥት ካርል ትእዛዝ መርከቦቹን በሙሉ ፖላ ወደብ ላይ ለደቡብ ስላቮች ምክር ቤት አስረከበ። ሰንደቁ ወረደ፣ አድሚራሉ ወደ ኬንደሬሽ ተመልሶ እርሻውን ያዘ። ዕድሜው ሃምሳ ነበር።

እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ነገር ግን በ1919 መጋቢት ኮሚኒስቱ ቤላ ኩን ቡዳፔስት ላይ የሶቪየት ሪፐብሊክ አወጀ፤ ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ደቡብ ላይ፣ ሴጌድ ከተማ ተሰብስበው መንግሥት አቋቋሙ። የጦር ሚኒስትር ሲፈልጉ ሆርቲን ጠሩት። መርከበኛ ለእግረኛ ጦር ምን ያደርጋል? ለሙያው አልነበረም የጠሩት። ፓርቲ አልነበረውም፣ በሽንፈቱ ፖለቲካ አልተነካካም፣ በኦትራንቶ የተገኘ ስም ነበረው፤ ደረቱ ላይ ኒሻን የደረደረ ሰው ደግሞ በድል አድራጊዎቹ ኃያላን ፊት ለማቅረብ ይመቻል። የወታደር ዩኒፎርም ወደ ፖለቲካ ሲገባ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ የሚፈለገው ሰውየው የሚያስበው ሳይሆን የለበሰው ነው። የለበሰው ሰው ግን በኋላ ማሰብ ይጀምራል።

ኅዳር 16 ቀን 1919 በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ቡዳፔስት ገባ። አድሚራል በፈረስ! ከሠራዊቱ የወጡ መኮንኖች በየገጠሩ በቀይ ደጋፊነት የጠረጠሩትን ሰውና አይሁዳውያንን ገደሉ፤ ይህ «ነጭ ሽብር» ይባላል። ሆርቲም አላስቆማቸውም። መጋቢት 1 ቀን 1920 ብሔራዊ ምክር ቤቱ እንደራሴ ለመምረጥ ድምፅ ሲሰጥ የእሱ መኮንኖች በፓርላማው ሕንፃ ውስጥ ተሰማርተው ነበር። ከ141 ድምፅ 131 አገኘ። ከሦስት ወር በኋላ የትሪያኖን ውል ተፈረመና ሃንጋሪ ከቀድሞ ግዛቷ ሁለት ሦስተኛውን አጣች፤ ፊዩሜንም ጭምር። አድሚራሉ ከዚያ በኋላ ባሕር በሌለው አገር የባሕር ኃይል ልብሱን እንደለበሰ 24 ዓመት ገዛ።

ሥልጣኑ ምን ድረስ ነበር? የጦሩ የበላይ አዛዥ ነው፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሾማል፣ ምክር ቤት ይበትናል። የንጉሥ ብቻ የሆኑ ጥቂት ነገሮች ግን ተከልክሏል። ከእነሱ አንዱ የመኳንንት ማዕረግ መስጠት ነው። ሆርቲ ለዚህ መላ አላጣም፤ «ቪቴዝ»፣ ማለትም ጀግና፣ የሚባል ማኅበር አቋቁሞ ለታማኝ ወታደሮች ማዕረግና መሬት ሰጠ። ንጉሥ ሳይሆኑ ሹመት እንዴት እንደሚሰጥ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። የተቆመለት ሰው በእርግጥ ነበር፤ የመጨረሻው ንጉሥ ካርል፣ ስዊዘርላንድ በስደት። ሆርቲ ለእሱ የማለ መኮንን ነው። መጋቢት 27 ቀን 1921፣ የአውሮፓውያኑ ፋሲካ ዕለት፣ እንደራሴው ከቤተሰቡ ጋር ምሳ ላይ ሳለ ንጉሡ ሳይታሰብ ቡዳ ቤተ መንግሥት ደረሰ። አልጋዬን መልስልኝ አለ። ባለአደራና ባለንብረት ፊት ለፊት! ንጉሡ ማዕረግና ኒሻን ሰጥቶ ሊያባብለው ሞከረ። ሆርቲ ደግሞ ጎረቤቶቻችን ጦር ያነሡብናል፣ ጊዜው አይደለም እያለ መለሰው። ምክንያቱ ከመሬት የተነሣ አልነበረም፤ ቼኮዝሎቫኪያና ዩጎዝላቪያ የንጉሡን ቤተሰብ፣ የሀብስበርግን መመለስ የጦርነት ያህል ቆጥረውት ነበር። ጥቅምት ላይ ካርል በአውሮፕላን ተመለሰ፣ ባቡር ላይ ወታደር ጭኖ ወደ ቡዳፔስት ገሰገሰ። ከከተማዋ ደጃፍ፣ ቡዳኦርሽ ላይ፣ የእንደራሴው ጦር ተኩሶ አስቆመው። ኅዳር 6 ቀን ምክር ቤቱ በሕግ ሻረው፤ በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ 1 ቀን ማዴይራ ደሴት ላይ በ34 ዓመቱ ሞተ። የንጉሡ ወገኖች ሆርቲን እስከ መጨረሻው የቆጠሩት እንደ አደራ በላ ነው።

እኔ ደግሞ ጉዳዩ የቃል ጉዳይ ይመስለኛል። በሃንጋሪኛ ማዕረጉ «ኮርማኝዞ» ነው፤ «ኮርማኝ» ማለት መሪ ነው፣ የመርከብ መሪ፣ መቅዘፊያውን ማለት ነው። በዚህ ስም ከእሱ በፊት የተጠሩ ነበሩ፤ ያኖሽ ሁንያዲ በ1446 ለሕፃን ንጉሥ ሲል ተመርጦ ነበር። የእነሱ ቃል የሚጠይቀው መሪውን የጨበጠው ማን እንደሆነ ነው። የእኛ ቃል ግን «የማን ራስ?» ይላል። ሆርቲን በአማርኛ እንደራሴ ስንለው ቃላችን ይጠበዋል፤ በእነሱ ግን ልክ እንደተለካ ልብስ ነው፣ ለመርከበኛ ደግሞ ይበልጥ።

በዚያው ዘመን ፊንላንድም ንጉሥ የሌለው እንደራሴ ነበራት። ጄኔራል ማነርሃይም ከ1918 ታኅሣሥ እስከ 1919 ሐምሌ ቆይቶ፣ በፕሬዚዳንት ምርጫ ሲሸነፍ ወንበሩን ለቀቀ። ስምንት ወር ገደማ ብቻ። ሆርቲ ጋ ግን ጊዜያዊው ሥልጣን በየጊዜው እየወፈረ ሄደ። በ1937 በምክር ቤቱ እንዳይጠየቅ ሕግ ወጣ፤ በ1942 የካቲት ደግሞ የበኩር ልጁ ኢሽትቫን ምክትል እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ። እንደ ራሴ ለሆነው ሰው ሌላ እንደ ራሱ! ኢሽትቫን በዚያው ዓመት ነሐሴ በምሥራቅ ግንባር በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

ከ1938 ጀምሮ በአይሁዳውያን ላይ የወጡት ሕጎች በእሱ ዘመን የወጡ ናቸው። በ1944 መጋቢት የጀርመን ጦር አገሪቱን ሲይዝ ከወንበሩ አልተነሣም፤ ከግንቦት እስከ ሐምሌ 437,000 ገደማ አይሁዳውያን በባቡር ተጭነው አብዛኞቹ ወደ አውሽዊትዝ የሞት ካምፕ ተወሰዱ። ሐምሌ መግቢያ ላይ ማጋዙ እንዲቆም አዘዘና ቆመ። ማስቆም ይችል እንደነበር ያወቅነውም ከዚሁ ትእዛዝ ነው። ጥቅምት 15 ከሶቪየት ጋር ተኩስ ለማቆም በሬዲዮ ሲያውጅ፣ ጀርመኖች ሌላውን ልጁን በዚያው ጠዋት ይዘው በምንጣፍ ጠቅልለው ወስደውት ነበር። በማግሥቱ ሥልጣኑን ለፋሺስቱ ሳላሺ አስተላልፎ ፈረመ።

ዕድሜውን የጨረሰው ፖርቱጋል፣ ኤሽቶሪል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው፤ በ1957 ሞተ። በ1993 መስከረም አስከሬኑ ወደ ኬንደሬሽ ሲመለስ ሃንጋሪ ንጉሣዊነቱን ከሰረዘች ዓመታት አልፈዋል። የካርል የበኩር ልጅ ኦቶ፣ ያ ሁሉ ዓመት አልጋው «የተጠበቀለት» አልጋ ወራሽ፣ ያን ጊዜ በሕይወት ነበር። ከጀርመን፣ ከባቫሪያ ተመርጦ የአውሮፓ ፓርላማ አባል ሆኗል። በአማርኛ ማዕረጉን ስንጠራው የሕዝብ እንደራሴ ነው።