ዲዋር አያቀዘቅዝም

«ናሙናው እስኪቀዘቅዝ ዲዋር ውስጥ ይቆይ» ሲባል ሰማሁ። ተናጋሪው የላብራቶሪ ሰው ባይሆን ኖሮ ባለፍኩት። ዲዋር፣ ማለትም ላብራቶሪ ውስጥ ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚቀመጥበት ዕቃ፣ ግን አያቀዘቅዝም። ሞተር የለው፣ ሶኬት ላይ አይሰካ። የሚያቀዘቅዘው ውስጡ ያለው ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ዲዋር ሥራው የውጪው ሙቀት እንዳይገባ መከልከል ብቻ ነው።

ስሙ የሰው ስም ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዲዋር ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ጋዞችን እያቀዘቀዘ ወደ ፈሳሽ ይለውጥ ነበር። ፈሳሹ ግን አይበረክትም፤ አይተው ሳይጠግቡት ፈልቶ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1892 አንድ የብርጭቆ ዕቃ ሌላው ውስጥ አስገባና በመካከል ያለውን አየር መጥጦ አወጣው። አየር ከሌለ ሙቀት በምን ይሻገራል? በጨረር የሚመጣውን ደግሞ ብር የተቀባው ግድግዳ ይመልሰዋል። እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

ቤት ያለው ፔርሙስም የዚሁ ዕቃ ልጅ ነው። ዲዋር ፓተንት አላወጣበትም። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1904 የተቋቋመው ቴርሞስ ኩባንያ ዕቃውን ለገበያ ሲያቀርብ ዲዋር ከሰሰው፤ ግን ተረታ። የዘራው ሌላ፣ ያጨደው ሌላ። እኔ እንደሚመስለኝ ስሙ ላብራቶሪ ውስጥ ጸንቶ የቀረው ለዚህ ነው። ገበያው የነጋዴውን ስም ሲይዝ፣ የሙያ ጓደኞቹ ውለታውን በስሙ ከፈሉት።

ከዲዋር ጋር የሚውል ሰው መለኪያውን ያውቃል። ቀጭን እንጨት እስከ ታች ይነከራል፣ ጥቂት ይቆይና ይወጣል። አየር ላይ ወዝወዝ ሲያደርጉት ነጭ ውርጭ ይይዛል። ውርጩ እስከየት እንደወጣ ታይቶ ናይትሮጅኑ ምን ያህል እንደቀረ ይታወቃል። የቱንም ያህል ጥሩ ዲዋር ቢሆን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይተናል። ካልሞሉት ናሙናው ይሞቃል፤ የስንት ዓመት ልፋት ገደል ይገባል።

ንግግሩን አቃኑ የምለው ለቃላት ስስ ስለሆንኩ አይደለም። ዲዋርን እንደ ፍሪጅ የሚያስብ ሰው መሙላቱን ይረሳል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ክዳኑን ጠርቅሞ ሊዘጋው ይችላል። 1 ሊትር ፈሳሽ ናይትሮጅን ሲተን ወደ 700 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል፤ መውጫ ካጣ ዕቃው ይፈነዳል። ክዳኑ ላላ ብሎ የተሠራው ተበላሽቶ አይደለም። ስለዚህ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ «ናይትሮጅን ውስጥ ክተተው» በሉት፤ ቀጥሎም እንጨቱን እጁ ላይ ስጡትና ራሱ ይለካ።