«ሶፍትዌሩ ጠፍቶ ነው»፦ የሪሲቨር ፈርምዌር ምንድን ነው?

ሪሲቨር እምቢ ባለ ቁጥር «ሶፍትዌር ይጫንለት» ማለት ልማድ ሆኗል። ሰሞኑን ጅማ መርካቶ አካባቢ ወዳለችው ሱቄ የመጣ አንድ ሪሲቨር ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ተጭኖለታል። ሲሰካ ቀይ መብራቱ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ብልጭ ይላል። ክዳኑን ፈታሁት። ፓወሩ ላይ ያለ አንድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) አናቱ አብጧል። የ5 ቮልቱን መስመር ስለካው 3.9 አለኝ፤ እሱም ይዋዥቃል። ካፓሲተሩን ቀየርኩት፣ ተነሳ። ሶፍትዌሩ ድሮም ደህና ነበር።

«ፍላሽ ሲደረግ (ሶፍትዌሩ እንደገና ሲጫን) ሲነሳ በዓይኔ አይቻለሁ» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ሊነሳ ይችላል። ያረጀ ካፓሲተር ሲሞቅ ትንሽ ይሻለዋል። ባለሙያው ግማሽ ሰዓት ሰክቶ ሲነካካው ይሞቃል፣ ይነሳል፣ ምስጋናው ለሶፍትዌሩ ይሆናል። ጠዋት ቤት ሲሰካ ያው ነው።

ፈርምዌር፣ ሰው «ሶፍትዌር» የሚለው፣ ፕሮሰሰሩ (የሪሲቨሩ አንጎል) ሲነሳ የሚያነበው ፕሮግራም ነው። የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ስምንት እግር ባላት ትንሽ ቺፕ ላይ ነው። በባጃጅ ብናስበው ሾፌሩ ነው። ባትሪው የሞተ ባጃጅ ሾፌር ስለተቀየረለት አይነሳም። «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ደግሞ ሾፌሩ ነቅቶ እያናገራችሁ ነው፤ የተዘጋው መንገዱ ነው። ስለዚህ ውጡና ዲሹን እዩ። ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ ነፋስ ዲሹን ትንሽ ካነቃነቀው አለቀ። በእኛ ዝናብ ደግሞ የኬብሉ ጫፍ ውሃ ይገባዋል።

የእውነት የፈርምዌር ችግር የምለው ቮልቱ ሁሉ ልክ ሆኖ «ቡት» የሚለው ጽሑፍ (መነሻው) ላይ ሲደርቅ ነው። ወይም አፕዴት እየተደረገ መብራት ሲሄድ። ይሄ ከጅሬን ቁልቁለት እየወረዱ ሾፌር እንደመቀየር ነው፤ አሮጌው ወርዷል፣ አዲሱ መሪውን አልያዘም። ያኔ በሲሪያል ኬብል ከኮምፒውተር መጫን፣ እሱም ካልሆነ ቺፑን ነቅሎ በፕሮግራመር (ቺፕ ላይ በሚጽፍ መሣሪያ) መጻፍ ነው። ደመና ሲከብድ አፕዴት አትጀምሩ።

ፋይሉንም «ያው አንድ ሞዴል ነው» ብላችሁ አትጫኑ። ውጪው አንድ ሆኖ ቦርዱ የሚለያይ ሞልቷል። ቦርዱ ላይ የታተመውን ቁጥርና የፕሮሰሰሩን ስም አመሳክሩ።

ቤት ለምትፈቱ ደግሞ፦ ከሶኬት ብትነቅሉትም ትልቁ ካፓሲተር 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ቮልቱን በቴስተር ሳትለኩ እጅ አትስደዱ።

ሶፍትዌር ከመጫናችሁ በፊት የቻናል ዝርዝሩን ወደ ፍላሽ ዲስክ ገልብጡ። የእኔ ደንበኛ ዝርዝሩ በሁለቱ ጭነት ተጠርጎበት ነበር። ካፓሲተሩ አሥር ደቂቃ አልወሰደም፤ ቻናሎቹን እሱ በሚወደው ቅደም ተከተል ስንደረድር ግን መሸብን።