የሕንፃ ኮንትሮለር፦ አመጣጡና አመራረጡ

የሕንፃ ኮንትሮለር የፓምፕን፣ የጄኔሬተርን፣ የአየር ማቀዝቀዣንና የመብራትን ሁኔታ በሴንሰር እያነበበ፣ በተሰጠው ፕሮግራም የሚያበራና የሚያጠፋ፣ ርቆ ላለ ባለሙያም በኔትዎርክ የሚያሳውቅ መሣሪያ ነው።

የዘርፉ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከዋረን ጆንሰን ነው። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት መምህር የነበረው ጆንሰን በ1883 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለኤሌክትሪክ የክፍል ቴርሞስታት፣ ማለትም ለሙቀት መቆጣጠሪያ፣ የፈጠራ መብት አገኘ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ትልልቅ ሕንፃዎች የሚታዘዙት በታመቀ አየር ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከሕንፃ ሳይሆን ከመኪና ፋብሪካ ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1968 ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) የታጨቀባቸውን ፓኔሎች የሚተካ መሣሪያ ሲፈልግ፣ የአሜሪካዊው መሐንዲስ የዲክ ሞርሊ ቡድን ሞዲኮን 084 የተባለውን ፒኤልሲ፣ ማለትም በፕሮግራም የሚታዘዝ የኢንዱስትሪ ኮንትሮለር፣ ሠራ። አንዳንዶች የፒኤልሲ አባትነትን ለአለን ብራድሌይ ኩባንያው ኦዶ ስትሩገር ይሰጣሉ፤ ሚዛኑ ግን ወደ ሞርሊ ያደላል። የሞዲኮን ኩባንያ በ1979 ያወጣው ሞድባስ የተባለ ፕሮቶኮል (መሣሪያዎች የሚነጋገሩበት ቋንቋ) ዛሬም ከኤሌክትሪክ ቆጣሪ እስከ ጄኔሬተር ድረስ ይነገራል፤ ለአንድ አሮጌ ፕሮቶኮል ትልቅ ክብር ነው።

በ1980ዎቹ እያንዳንዱ አምራች የራሱን ፕሮቶኮል ይዞ ስለነበር፣ የአንዱን ዕቃ የገዛ ባለሕንፃ መለዋወጫም ጥገናም ከዚያው ሰው ደጅ ይጠብቃል። ይህን ለመፍታት አሽሬ የተባለው የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር በ1987 ኮሚቴ አቋቋመ። ከስምንት ዓመት ክርክር በኋላ፣ በ1995፣ የተለያዩ አምራቾች ዕቃዎች የሚግባቡበት ባክኔት የተባለ የጋራ ፕሮቶኮል ጸደቀ፤ በ2003ም ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። አውሮፓ በበኩሏ ኬኤንኤክስ የተባለውን ሌላ የጋራ ፕሮቶኮል ታዘወትራለች።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ የመግቢያ (የሴንሰር ንባብ የሚገባበት) እና የመውጫ (ትእዛዝ የሚወጣበት) ቁጥር ቀላሉ ክፍል ነው። የሚበልጠው ስህተት ሲፈጠር ኮንትሮለሩ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ጣሪያ ላይ ያለን የውሃ ታንከር እንውሰድ። የደረጃው ሴንሰር ከ0 እስከ 10 ቮልት የሚሰጥ ከሆነ፣ ሽቦው ሲበጠስ ንባቡ ዜሮ ይሆናል፤ ኮንትሮለሩ ታንከሩ ባዶ ነው ብሎ ፓምፑን ያስነሳል፣ ውሃው በጣሪያው ላይ ይፈስሳል። ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር የሚሰጠው ግን ባዶ ታንከርን 4 ብሎ ስለሚናገር፣ ዜሮ ከመጣ ሽቦ መበጠሱ ይታወቃል። ስለዚህ ሚሊአምፔር የሚቀበል መግቢያ ያለው ይመረጣል።

አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰው የማያየው መስፈርት ከፍታ ነው። የብዙ ኮንትሮለሮች የቴክኒክ ሰነድ እስከ 2000 ሜትር ይላል፤ ከተማዋ ግን ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ስስ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም፣ ኤሌክትሪክን የመከላከል አቅሙም ያንሳል። ከመግዛት በፊት አምራቹን መጠየቅ ነው።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ኮንትሮለሩ ያለ ሰው ተነስቶ ሥራውን መቀጠል፣ ሞተሮችንም በአንዴ ሳይሆን በየተራ ማስነሳት አለበት። ራስፕቤሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒውተርና ኢኤስፒ32 የተባለው ቺፕ ርካሽና ለመማር ድንቅ ናቸው፤ ሆኖም በሚሞሪ ካርድ የሚሠራው ፓይ ድንገተኛ መጥፋት አይወድም። ለፓምፕና ለጄኔሬተር እንደ ሲመንስ ሎጎ ያለ ትንሽ የኢንዱስትሪ ኮንትሮለር ይሻላል።

በአርኤስ 485፣ ማለትም ብዙ ዕቃዎችን በአንድ ጥንድ ሽቦ በሚያገናኝ መስመር፣ የሚገናኙ ዕቃዎች ሽቦአቸው እንደ ኮከብ መበተን የለበትም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ተያይዞ ሄዶ በሁለቱ ጫፍ ባለ 120 ኦም ሬዚስተር ይደረግበታል። ርዝመቱ እስከ 1200 ሜትር ይሄዳል።

በሲም ካርድ ለሚሠራ የርቀት ክትትል፣ ከውጭ በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ኮንትሮለሩ ራሱ ወደ ሰርቨር ቢደውል ይቀላል፤ ኤምኪውቲቲ የተባለው የመልእክት ፕሮቶኮል በ1999 የተፈጠረው በሳተላይት የነዳጅ ቧንቧ ለመከታተል በመሆኑ ለዚህ ይመቻል። የኮንትሮለሩን ገጽ ኢንተርኔት ላይ ክፍት መተው አደገኛ ነው። በ2013 ታርጌት በተባለው የአሜሪካ መደብር ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ የካርድ መረጃ ሲሰረቅ፣ ሌቦቹ የገቡት ለማቀዝቀዣ ተቋራጭ በተሰጠ የይለፍ ቃል ነበር፤ ኮንትሮለሩ ራሱ ባይሰበርም።

የኔትዎርክ መቆራረጥ ስላለ፣ ፕሮግራሙ ሰርቨር ላይ ሳይሆን እዚያው ሕንፃው ውስጥ መሮጥ ይኖርበታል። በርክክብ ቀን የፕሮግራሙ ዋና ፋይል፣ የይለፍ ቃሉና የሽቦ ሥዕሉ ለባለሕንፃው ይሰጡ፤ ይህም በውሉ ላይ ቀድሞ ይጻፍ፣ የመጨረሻው ክፍያ ከተፈጸመ በኋላ ተቋራጩን ማግኘት ይከብዳልና።