«ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል»፦ ትርጉሙና ሥሩ

ከዓመታት በፊት ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ መጣልኝ። አንደኛው ደህና ደመወዝ ያለው፣ ግን ከቤተሰቤ የሚያርቀኝ ነው። ሌላው ቅርቤ ያለ፣ ግን ለከርሞ ይኑር አይኑር የማይታወቅ። መልስ እንድሰጥ ሁለት ሳምንት ተሰጠኝ። አሥራ ሁለቱን ቀን በጸሎት ያዝኩት። ጸሎት ልበለው እንጂ ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ ምልክት አሳየኝ።» ስልክ ሲጠራ ምልክት ይሆን እላለሁ። መብራት ሲጠፋ ምልክት ይሆን እላለሁ። እንቅልፍ አጣሁ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን በቤተ ክርስቲያን የማከብራቸውን አንድ አባት አገኘኋቸውና ጭንቀቴን ዘረገፍኩላቸው። ስጨርስ እንደ ማሳረጊያ፣ «እንግዲህ ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል» አልኩ። እሳቸውም ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልክ ነው ልጄ። ግን አንተ ገና መቼ አሰብክ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ይህን አባባል እንደ ድሮው መስማት አልቻልኩም።

አብዛኛውን ጊዜ አባባሉን የምንለው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ጉዞው ሲሰረዝ፣ የታጨችው ሐሳቧን ስትቀይር፣ የተደከመበት ንግድ ሲከስር፣ «ምን ይደረግ፣ ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል» እንባባላለን። ማጽናኛ ነው፤ ለተሰበረ ሰው ተገቢ ቃል ነው። ችግሩ ያው ቃል ከውሳኔ በፊት ሲመጣ ነው። ያኔ ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ግማሽ ዘለን ሁለተኛው ላይ እናርፋለን። እግዚአብሔር ይፈጽማል፤ በቃ። እኛ እጃችንን አጣጥፈን እንጠብቃለን። አባባሉ ግን ሁለት ግሥ አለው፤ አንዱ የእኛ ነው።

ቃላቱን እንያቸው። «ማሰብ» ዛሬ በጭንቅላት ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። መጨነቅም ማሰብ ነው፣ መመኘትም ማሰብ ነው። ሥሩ ግን የግዕዙ «ሐሰበ» ነው። ሐሰበ ማለት አሰበ ብቻ ሳይሆን ቈጠረ፣ አሰላም ነው። «ሒሳብ» የምንለው ቃል የዚሁ ዘመድ ነው። ቤተ ክርስቲያን በዓላትንና አጽዋማትን የምታወጣበት የዘመን ስሌት «ባሕረ ሐሳብ» የተባለውም በዚሁ ነው፤ እዚያ ሐሳብ ማለት ቁጥር ነው። እንዲህ ከሆነ አባባሉ ሰው ይጨነቃል አላለም። ይመኛልም አላለም። ቁጭ ብሎ ይቈጥራል ነው ያለው።

ጌታችንም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ላይ ግንብ ሊሠራ ስለሚፈልግ ሰው ሲናገር አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንደሚቈጥር ነው የገለጸው። «ተቀምጦ» የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ። እየተንቆራጠጡ የሚደረግ ነገር አይደለማ።

«ይፈጽማል» የሚለውም እንደዚሁ ከለመድነው ይሰፋል። ፈጸመ ማለት ጨረሰ፣ ለፍጻሜ አደረሰ ነው። «ፍጻሜ» እና «ፍጹም» የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ጌታ በመስቀል ላይ «ተፈጸመ» ሲል በአማርኛችን የምናነበው ይህንኑ ግሥ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ያንን ዓርብ እንደዚያ አላሰቡትም ነበር። ስለዚህ እግዚአብሔር ይፈጽማል ሲባል እኛ ያሰብነው ወረቀት ላይ ይፈርማል ማለት አይደለም። ነገሩን ወደ ፍጻሜው ያደርሰዋል። ፍጻሜው ደግሞ እኛ በሳልነው መልክ ላይመጣ ይችላል።

የአባባሉ ሥር ሩቅ አይደለም። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 16 ቁጥር 9 ነው፦ «የሰው ልብ መንገዱን ያዘጋጃል፤ እግዚአብሔር ግን አካሄዱን ያቀናለታል።» ይኸው ምዕራፍ ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምሮ እስከ መጨረሻው ደጋግሞ ወደዚሁ ነገር ይመለሳል። ቁጥር 1 የልብ ዝግጅት ከሰው፣ የምላስ መልስ ግን ከእግዚአብሔር መሆኑን ይናገራል። ቁጥር 3 ሥራህን ለእግዚአብሔር አደራ ስጥ ይላል። ቁጥር 33 ደግሞ ዕጣው በጉያ ቢጣልም ፍርዱ ከእግዚአብሔር ነው ብሎ ይዘጋል። በላቲንም ተመሳሳይ አባባል አለ፤ እሱም «ሰው ያቅዳል፣ እግዚአብሔር ግን ይደነግጋል» እንደ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዕብራይስጡ ልውሰዳችሁ፤ ለእኔ ደስ የሚለኝ እዚህ ላይ ነው። በአማርኛው «ያዘጋጃል» ተብሎ የተተረጎመው ቃል በዕብራይስጡ «ይሐሼብ» ነው። ይህ ቃል ከግዕዙ ሐሰበ ጋር የአንድ ሥር ዘመድ ነው። በቀጥታ ብናነበው «የሰው ልብ መንገዱን ያስባል» ይሆናል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የለወጠውን ግሥ የሕዝቡ አባባል ይዞት ቆይቷል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ጥቅሱ ውስጥ ያለው «ግን» በዕብራይስጡ አንዲት «ወ» ናት። እንደ አገባቡ «ግን» ትሆናለች፣ «እና» ም ትሆናለች። በአባባላችን ውስጥ ደግሞ «ግን» የለችም። «ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል»፤ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ሌላውን አይሽረውም። እኔ የሰው ሐሳብና የእግዚአብሔር ፈቃድ ሁልጊዜ እንደሚጣሉ አድርጌ ነበር የማየው። የምወደው ነገር ከሆነ የእሱ ፈቃድ ሊሆን አይችልም ብዬ የምፈራበት ጊዜ ነበር። ብዙ አማኝ በዚህ ፍርሃት ይሠቃያል። ያቺ «ግን» በሌለችበት ሁሉ እኛ እየጨመርናት ነው።

ከዚያ ደግሞ መንገድና እርምጃ ይለያያሉ። ጥቅሱ ሰው የሚያስበው «መንገዱን» ነው ይላል፤ እግዚአብሔር የሚያጸናው ደግሞ በዕብራይስጡ «እርምጃውን» ነው። እኛ የምንለምነው አብዛኛውን ጊዜ የመንገዱን ካርታ ነው። የማገባትን አሳየኝ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የት እንደምሆን አሳየኝ፣ እንዳልሳሳት ዋስትና ስጠኝ። የተገባልን ቃል ግን ለእርምጃ ነው። መዝሙረኛው ቃልህ ለእግሬ መብራት ነው ሲልም በዘመኑ መብራት የዘይት መብራት ነበረች። ከእግር ፊት ያለውን ታሳያለች። ተራራውን ማዶ አታሳይም።

ይህን አባባል በሕይወቱ የኖረው ሰው ማን ነው ብትሉኝ ዳዊት እላለሁ። ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 7 ላይ ነው። ንጉሡ በዝግባ ቤት ተቀምጦ የእግዚአብሔር ታቦት በድንኳን ውስጥ መሆኑ ከነከነው። ቤት ልሥራ ብሎ አሰበ። ለነቢዩ ናታን ነገረው፤ ናታንም በልብህ ያለውን ሁሉ አድርግ፣ እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ነው አለው። በዚያው ሌሊት ግን እግዚአብሔር ለናታን ሌላ ቃል ሰጠው። ዳዊት አይሠራም፤ ልጁ ይሠራል። እንዲያውም እግዚአብሔር ራሱ ለዳዊት ቤት ይሠራለታል፤ ዙፋኑን ያጸናል።

ነቢይ እንኳን በቅንነት ተሳስቶ ሊያበረታታ ይችላል። ይህ ሁላችንንም ትሑት ሊያደርገን ይገባል። ከዚህ በላይ የሚገርመኝ ግን ከዓመታት በኋላ የሆነው ነው። በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 8 ላይ ሰሎሞን መቅደሱን ሲመርቅ እግዚአብሔር ለአባቱ የተናገረውን ያስታውሳል፤ ቤት ልትሠራልኝ በልብህ ማሰብህ መልካም ነው ብሎት ነበር። አስተውሉ፦ ሐሳቡ አልተፈቀደም፣ ማሰቡ ግን ተመሰገነ! እምቢ የተባለ ሰው ሁሉ ኃጢአት ያሰበ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም።

እምቢታውን ከሰማ በኋላስ ዳዊት ምን አደረገ? አላኮረፈም። ወርቅና ብር፣ ናስና ብረት፣ የዝግባ እንጨትና ድንጋይ ማዘጋጀት ጀመረ። የቤቱን ንድፍ ለልጁ አስረከበ። አንደኛ ዜና መዋዕል ከምዕራፍ 22 ጀምሮ ስለዚህ ዝግጅት በሰፊው ይተርካል። ሌላው ለሚፈጽመው ሥራ ድንጋይ አስጠረበ። ይህን ክፍል ባነበብኩት ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

ጳውሎስም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ላይ በእስያ አውራጃ ሊሰብክ ሲል መንፈስ ቅዱስ ከለከለው። ወደ ቢታንያ አውራጃ ሊሄድ ሞከረ፤ አልተፈቀደለትም። ሁለት በር ተዘጋበት። ግን ልብ በሉ፣ በሮቹ የተዘጉት እየሄደ ነው። ቆሞ የነበረ ሰው በር መዘጋቱንም አያውቅም። ጢሮአዳ ሲደርስ አንድ የመቄዶንያ ሰው ወደ መቄዶንያ ተሻገርና እርዳን ሲለው በራእይ አየ። በዚህም ጊዜ ጓደኞቹ ጭምር ተሰብስበው አሰቡበት። «እግዚአብሔር እንደ ጠራን መስሎናልና» ይላል ሉቃስ። የግሪኩ ቃል ነገሮችን አገጣጥሞ ወደ መደምደሚያ መድረስን የሚያሳይ ነው። ራእይ ታይቶም እንኳ ማሰብ አልቀረም!

ከዚያስ? ፊልጵስዩስ ገቡ። ልድያ የምትባል ሴት ልቧ ተከፈተላት። ብዙም ሳይቆይ ጳውሎስና ሲላስ በበትር ተደብድበው እግራቸው በግንድ ተጠረቀ። ትክክለኛ ምሪት ይዞ ወደ እስር ቤት የገባ ሰው አለ ማለት ነው። ነገር ሲከብደን ወዲያው «ፈቃዱ አልነበረም ማለት ነው» የምንል ሰዎች ይህን ምዕራፍ ረጋ ብለን ብናነበው እላለሁ።

ጌዴዎንን የሚጠቅሱልኝ አሉ። በመሳፍንት ምዕራፍ 6 የበግ ጠጉር ባዘቶ በአውድማ ላይ ዘርግቶ ምልክት ጠይቋል፤ እኛስ ለምን አንጠይቅም ይላሉ። እኔ ምልክት የጠየቀን ሰው አልነቅፍም፤ እኔም ጠይቄያለሁ። ግን ጌዴዎን ባዘቶውን የዘረጋው ከሁለት ነገር አንዱን ለመምረጥ አልነበረም። የእግዚአብሔር ፈቃድ አስቀድሞ ተነግሮት ነበር። «እንደ ተናገርህ» እያለ ነው የሚጠይቀው። የጎደለው ድፍረት እንጂ መረጃ አልነበረም። እግዚአብሔርም ታገሠው። ደካማነቱን ታገሠለት ማለት ግን ለሁላችን የውሳኔ ደንብ አወጣልን ማለት አይደለም። ዓይንን ጨፍኖ መጽሐፍ ቅዱስን ገልጦ ጣት ያረፈበትን ቃል እንደ መልስ መውሰድም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ያ መጽሐፍ የተሰጠን እንድናነበው ነው።

ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 1 ላይ ጥበብ የጎደለው እግዚአብሔርን ይለምን፣ ይሰጠዋል ይላል። የተባለው ጥበብ ነው፤ የነገ ዜና አይደለም። ጥበብ የሚሠራው ደግሞ በሚያስብ ሰው ውስጥ ነው። ያው ያዕቆብ በምዕራፍ 4 ወደዚህ ከተማ እንሄዳለን፣ ዓመት እንኖራለን፣ እንነግዳለን፣ እናተርፋለን የሚሉትን ይገሥጻል። የገሠጻቸው ስላቀዱ አይደለም። ጌታ ቢፈቅድ ሳይሉ ነገን እንደ ራሳቸው ንብረት ስለቈጠሩት ነው። «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ብለን የምንጨምረው ለአፍ ልማድ ካልሆነ፣ ዕቅዳችንን በተከፈተ እጅ መያዝ ነው።

ነፃነትም አለ። ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 7 ባሏ የሞተባት ሴት የወደደችውን ማግባት ትችላለች፣ በጌታ ይሁን እንጂ ይላል። የወደደችውን! ወሰኑን አሳያት፤ በወሰኑ ውስጥ ምርጫውን ለእሷ ተወላት። አንዳንድ ጊዜ ሰማይ ዝም የሚለን ተቆጥቶ ሳይሆን ሁለቱም ስለተፈቀዱልን ይመስለኛል።

እናም እኚያ አባት ከጠየቁኝ በኋላ ወደ ቤት ገብቼ ወረቀት አወጣሁ። ተቀመጥኩ። ገንዘቡን ቈጠርኩ። ልጆቼን በሳምንት ስንት ቀን እንደማያቸው ቈጠርኩ። ለባለቤቴ፣ «አንቺ ምን ታስቢያለሽ?» አልኳት፤ በአሥራ ሦስት ቀን ውስጥ አንድም ጊዜ አልጠየቅኳትም ነበር። ስትናገር ብዙ ያላየሁት ነገር አሳየችኝ። ከዚያ አብረን ጸለይን። በዚህኛው ጸሎት የምፈልገውን በግልጽ ተናገርኩ። ጌታም በጌቴሴማኒ መጀመሪያ ጽዋው እንዲያልፍ መፈለጉን ተናግሮ ነው የአንተ ፈቃድ ይሁን ያለው።

በማግሥቱ ስልክም ድምፅም ምልክትም አልመጣም። ቅርብ ያለውን ሥራ መረጥኩና ፈረምኩ። ስፈርም እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌሊቱን ግን ተኛሁ።