«በማን ኃጢአት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከተሰጠ ቆይቷል

ሥራዬ እግራቸው ቆልመም ብሎ የተወለዱ ሕፃናትን ማከም ነው። እግሩን በእጄ ቀስ እያልኩ አቃናለሁ፣ በጄሶ እጠቀልላለሁ፣ በሳምንቱ ፈትቼ እንደገና አቃናለሁ። አብዛኛው እግር ከ5 እስከ 7 ጄሶ ባለው ጊዜ መልክ ይይዛል። የሚያደክመኝ እግሩ አይደለም። እናትየው ከልጁ ጋር ይዛው የምትመጣው ጥያቄ ነው፦ «ምን በድዬ ነው?» ይህን ያስያዟት ደግሞ አማቷ፣ ጎረቤቷ፣ አንዳንዴም ባሏ ናቸው። ሁሉም በሃይማኖት ስም ነው የሚያወሩት። ስለዚህ በሃይማኖት ልመልስ።

«የወላጅ ኃጢአት ነው»

በጣም የመረረኝ ይሄኛው ነው።

ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደ ሰው አይተው ጌታን ጠየቁት፦ ኃጢአት የሠራው ማን ነው፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ? ቃል በቃል የአማቶቻችን ጥያቄ ነው። መልሱ ዮሐንስ 9፥3 ላይ አለ። እሱም ወላጆቹም አልበደሉም፤ የእግዚአብሔር ሥራ በእሱ እንዲገለጥ ነው አለ። ከዚህ በላይ ግልጽ መልስ ከየት ይምጣ? ወንጌሉን በየዓመቱ እየሰማን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አራስ ቤት ገብተን ያንኑ ጥያቄ እንደግማለን።

«የአባቶችን ኃጢአት እስከ ሦስተኛና አራተኛ ትውልድ» የሚለውን የሚጠቅሱ አሉ። ጥቅሱ አለ፤ የተነገረው ግን ለሚጠሉኝ ተብሎ ነው፣ ቀጥሎም ለሚወዱኝ ምሕረት እስከ ሺህ ትውልድ ይላል። ይህን ሐሳብ ሕዝቡ ወደ ተረት ቀይሮት ነበር፤ አባቶች ጨርቋ የወይን ፍሬ በሉ፣ የልጆች ጥርስ ጠረሰ ይሉ ነበር። እግዚአብሔር በሕዝቅኤል 18 ይህን ተረት ከእንግዲህ አትተርቱም ብሎ ዘጋው። ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም። አለቀ።

ሌላው መፃጉዕን ያመጣል። 38 ዓመት አልጋ ላይ የቆየውን ሰው ጌታ «ዳግመኛ አትበድል» ብሎት የለም ወይ ይሉኛል። ብሎታል። ግን ያ ሰው እንዲያ ሆኖ ተወለደ የሚል ቃል የለም፤ የተነገረውም ለአንድ አዋቂ ሰው ስለ ራሱ ሕይወት ነው። ከእሱ ተነስቶ የ10 ቀን ሕፃን ላይ መፍረድ ምን ይባላል?

አንዲት እናት ልጇን በነጠላ ሸፍና መጣች። ሁለቱም እግሮቹ ወደ ውስጥ ዞረዋል። ባሏ ደጅ ቀረ። «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ብለውታል ቤተሰቦቹ፤ እሷን ማየት ተጸይፏል። ጄሶ ስጠቀልል የልጁን ጉልበት አጠፍ አድርጎ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁና ጠርቼ አስገባሁት። ያዝ አልኩት፣ ያዘ። ሕፃኑ እየጮኸ አውራ ጣቱን ጨበጠው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ልጁን አቅፎ የሚገባው እሱ ነበር።

ሙስሊም እናቶችም ያንኑ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ቁርኣን ማንም ነፍስ የሌላዋን ሸክም አትሸከምም ይላል፤ ሱራ 6፥164። ሕፃን ደግሞ ከኃጢአት ንጹሕ ሆኖ በፊጥራ፣ ማለትም በንጹሕ ተፈጥሮ ነው የሚወለደው። ዓይነ ስውሩ ዐብደላህ ኢብኑ ኡም መክቱም የነቢዩ ሙሐመድ ሙአዚን፣ ማለትም ወደ ሶላት ጥሪ የሚያሰማ ነበር። «ዐበሰ» የተባለው ሱራ የወረደው እሱ ሲመጣ ነቢዩ ፊታቸውን ስላዞሩበት ነው። እርግማን ተብሎ ቢታይ ኖሮ ነቢዩን ተክቶ መዲና ላይ ያሰግድ ነበር?

«ቡዳ በልቶት ነው፣ ነፍሰ ጡር ሆና አካል ጉዳተኛ አይታ ነው»

ሁለቱም ውሸት ነው። ማየት አይጋባም።

«እምነት ቢኖራቸው ይፈወስ ነበር»

ጳውሎስ የሥጋውን መውጊያ እንዲያነሳለት ሦስት ጊዜ ለምኖ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ነው የተባለው። እምነት ጎድሎት ነው የሚል ይምጣ።

«እግዚአብሔር የሚሰጠው ለጠንካራ እናት ነው»

በፍቅር የሚባል ነው፣ አውቃለሁ። ግን እናትየው ደክሟታል። እሷን ከማወደስ ልጁን ለሁለት ሰዓት ያዙላትና ትተኛ።

«ለእኛ መጽደቂያ ነው የተፈጠሩት»

ዳዊት ሁለት እግሩ ሽባ የሆነውን ሜምፊቦስቴን በር ላይ አስቀምጦ አልመጸወተውም። የአያቱን የሳኦልን መሬት መለሰለት፣ ከራሱ ማዕድ አስቀመጠው። በቅኔ ቤቱም ዓይነ ስውር የኔታ እግር ሥር ተቀምጠው የተማሩ ብዙ ሊቃውንት አሉን። ልጁን ትምህርት ቤት አስገቡት።

«ጸበል ከጀመረ ሕክምና አያስፈልግም»

እኔም ጸበል እጠመቃለሁ። አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በግልጽ ተናግረው ነበር፤ ለእግር የማይሆንበት ምክንያት የለም። ችግሩ ጄሶ ውሃ አይወድም። ጄሶውን ታጥቆ የተጠመቀ ልጅ ሲመጣ ጄሶው ላሽቋል፣ እግሩም ወደ ነበረበት መመለስ ጀምሯል። ስለዚህ ጄሶው በሚፈታበት ቀን አስቀድማችሁ አስጠምቁትና ከዚያ ወደ እኛ አምጡት። ወይም ፊቱን ያብሱት። አባቶች ይህን ስነግራቸው ይረዱኛል፤ የሚያስቸግሩኝ ከእነሱ በላይ ሃይማኖተኛ ነን የሚሉ ዘመዶች ናቸው።

«ክርስትና ሳይነሳ ከቤት አይወጣም»

ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ። አራስ እስከዚያ ቤተ መቅደስ አትገባም። ክሊኒክ አትገባም ያለ ግን ማንም የለም። ይህን ሕክምና ለመጀመር ጥሩው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ናቸው፤ ጅማቱ ገና ለስላሳ ነው። የዘገያችሁም አትቅሩ፣ በእግሩ መሄድ የጀመረ ልጅም ይታከማል። ጄሶው ሲያልቅ ደግሞ ልዩ ጫማ አለ። መጀመሪያ ሦስት ወር ቀንና ሌሊት፣ ከዚያ እስከ 4 ወይም 5 ዓመቱ ሲተኛ ይደረጋል። «ድኗል» ብላችሁ ካወለቃችሁት እግሩ ይመለሳል።

ታዲያ መነሻው ምንድነው? ከ1,000 ሕፃናት አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል፣ ወንዶች ላይ ይበዛል፣ በአብዛኛው ምክንያቱ አይታወቅም። የጀርባ አጥንት ክፍተት የሚባለው፣ የሕፃኑ አከርካሪ ሳይዘጋ የሚቀርበት ሌላ ችግር ግን የተለየ ነው፤ ብዙውን ፎሊክ አሲድ በተባለ ቪታሚን መከላከል ይቻላል። ልክ እንደጸነሱ ባሉት አራት ሳምንታት ውስጥ ነው አከርካሪው የሚዘጋው፤ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ማለት ነው። ስለዚህ ልጅ ያሰበች ሴት ከመጸነሷ በፊት በቀን 400 ማይክሮግራም መጀመር አለባት። ይህን የምነግራችሁ ለሚቀጥለው እርግዝና ነው። ልጁ ከተወለደ በኋላ «ኪኒኑን ስላልዋጥሽ ነው» የሚል ሰው ካለ እሱም ከአማትየው ጋር ነው የሚቆጠረው።